ምድር ሳይታይህ ስትዋኝ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዕብራውያን 12፥1-3፤ የሐዋርያት ሥራ 27፤ ዮሐንስ 21)

ክርስቲያንም ሁን ሙስሊም፣ ሱቅህ ውስጥም ሁኚ ቡና እያፈላሽ፣ ዛሬ ለሁላችንም የሚሆን ቃል አለ።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በምዕራፍ 12 መጀመሪያ ላይ የእምነትን ኑሮ ከሩጫ ጋር ያመሳስለዋል። ልብ በሉ፣ የመቶ ሜትር ሩጫ አይደለም። ትዕግሥት የሚጠይቅ ረጅም ሩጫ ነው። የሚሮጠው ሰው የሚከብደውን ይጥላል፣ እግሩን የሚተበትበውን ይቆርጣል፣ ዓይኑን ደግሞ ኢየሱስ ላይ ይተክላል። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው የነገርኳችሁ፤ ቤት ስትገቡ ክፍሉን ከፍታችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ረጅም ሩጫ ሲባል ማራቶን ነው የሚታየን። ግን ከማራቶንም የባሰ አለ። ትራያትሎን ይሉታል፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው። ከረጃጅሞቹ አንዱ ‹አይረንማን›፣ የብረት ሰው የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ሲጀመር 15 ሰዎች ተነሡ፣ 12ቱ ጨረሱ። ርቀቱን በእኛ አገር ልለካላችሁ። በመጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛሉ። የሐይቅን ሐይቅ የምታውቁት፣ ከአንዱ ዳር ገብቶ ከመካከሉ አልፎ መሄድ ማለት ነው፤ ከሥራችሁ ደግሞ ብዙ አሥር ሜትር ጥልቀት አለ። ከዚያ ከውሃው ወጥተው ብስክሌት ላይ ይወጣሉ፣ 180 ኪሎ ሜትር። ይህ ከወልድያ ተነሥቶ፣ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፎ፣ ደሴ ገብቶ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ኋላ ዞሮ የመንገዱን ግማሽ መመለስ ነው። አሁንም አላለቀም። ብስክሌቱን አስቀምጠው ሙሉ ማራቶን ይሮጣሉ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውየው መርሳ ደርሶ ‹እፎይ፣ እስቲ አንድ ማንጎ ልብላ› ቢል ገና 12 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

‹ምን ጉድ ነው? ማን አስገደዳቸው?› ትሉ ይሆናል። ማንም አላስገደዳቸውም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 የሚገረመው በዚህ ነው። የዘመኑ ስፖርተኞች በሁለት ቀን ለሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ሰውነታቸውን ይገዛሉ፤ እኛስ የማይጠወልግ የተዘጋጀልን ሰዎች እንዴት ነው የምንኖረው? የእርሱ ጥያቄ ይህ ነው።

ዝግጅቱ በውድድሩ ቀን አይደለም

በውድድሩ ቀን ጉልበት አይገዛም። ሰው የሚሮጠው ከወራት በፊት ማንም ሳያየው በጠዋት ተነሥቶ ባከማቸው ጉልበት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰውነት የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ነው። ልምምድ ያደክማል፣ ዕረፍት ይገነባል። አንዳንድ አገልጋዮቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ ኮንፈረንስ፣ ጾም፣ አዳር፣ እንደገና ኮንፈረንስ! ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ሰውየው የለም። ‹ወዴት ሄደ?› ስንል፣ ደክሞ ነው የሄደው።

ደግሞም ያቆመ ሁሉ የጠፋ አይደለም። አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው እንደገና አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ላይስ? እግሩን ታሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቆመ። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ሩጫውን ወስዶ ጨረሰው፣ ወርቁም ለኢትዮጵያ ሆነ። ታዲያ አበበን ‹ሯጭ አልነበረም› የሚለው ማነው? በቀጣዩ ዓመት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በእንግሊዝ አገር የቀስት ውድድር ላይ ተሳተፈ።

ምሩጽ ይፍጠርንም አስታውሱ። በ1972 ሙኒክ ላይ በአሥር ሺህ ነሐስ አገኘ፤ የአምስት ሺህ ማጣሪያው ግን አመለጠው፣ ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠበቀ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ሲተዉ ኢትዮጵያም ተወች፤ አሁንም ሳይሮጥ ቀረ። ሌላ አራት ዓመት። በ1980 ሞስኮ ላይ በአምስት ሺህም በአሥር ሺህም ወርቅ! ስምንት ዓመት ሙሉ ሰውየው ልምምዱን አልተወም። እናንተ ስለ አንድ ጸሎት ስምንት ዓመት የጠበቃችሁ፣ በዚህ አካባቢ በጦርነቱ ጊዜ ቤታችሁን ዘግታችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ ቆርቆሮው ያልነበረላችሁ፣ የሚሆነው ነገር ሳይገባችሁ ግን በየእሑዱ ወንበራችሁ ላይ የተገኛችሁ፣ ሰማይ ይህን ቆጥሮታል።

ዓይንህን ከፍ አድርግ

አሁን ወደ ዋናው ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ውስጥ ያለው ትምህርት ለእኔ ከሩጫው ይበልጥብኛል።

በገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ከሥሩ ጥቁር መስመር ተሠምሮለታል። ያን እያየ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሐይቅና በባሕር ግን መስመር የለም። ፊትህ ውሃ ውስጥ ነው፣ የምታየው ጨለማ ነው። አንዱ ክንድህ ከሌላው ይበረታል፤ ስለዚህ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ስትል ጠምዝዘህ ትሄዳለህ። ማዕበሉም ይገፋሃል። የሚገርመው፣ ጠምዝዘህ እየሄድክ መሆኑ ለራስህ አይሰማህም! በሙሉ ጉልበትህ ነው የምትዋኘው፣ ትደክማለህም፣ ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የባሕር ዋናተኞች የሚለማመዱት አንድ ነገር አለ። ክንዳቸውን ጥቂት ጊዜ ካዞሩ በኋላ ዓይናቸውን ከውሃው በላይ ብቅ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ። ሩቅ ያለ ተራራ፣ ዛፍ፣ ሕንፃ ይመርጣሉ፤ ያን እያዩ መንገዳቸውን ያቀናሉ። ቅርብ ያለውን ማዕበል አያዩም፤ ማዕበል ይንቀሳቀሳል፣ ተራራ አይንቀሳቀስም።

ወገኖቼ፣ ዕብራውያን 12 ኢየሱስን ተመልከቱ ሲል የሚነግረን ይህንን ነው። በሕይወትህ ውስጥ የሚበረታው ክንድ የትኛው ነው? ቁጣ ነው? ገንዘብ ነው? የሰው ፊት ማየት ነው? በዚያ በኩል ነው የምትጠመዝዘው። ጠምዝዘህም እየሄድክ ‹እየተጋሁ ነው እኮ› ትላለህ። ቀና በል! በጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ፣ ከመተኛትህ በፊት አንዴ ቀና በል። ዋናተኛው ለማየት መዋኘቱን አያቆምም። እየዋኘ ነው የሚያየው። አንተም ከብት እየነዳህ፣ አንቺም እንጀራ እየጋገርሽ ማየት ይቻላል።

ባይታይስ? ጭጋግ ቢሆንስ? ፍሎረንስ ቻድዊክ የምትባል አሜሪካዊት ዋናተኛ ነበረች። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር እ.ኤ.አ. በ1950 በዋና ተሻግራለች፣ እንግዲህ ጎበዝ ናት። በ1952 ደግሞ ሐምሌ 4 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ከካታሊና ደሴት ወደ ካሊፎርኒያ ምድር ለመሻገር ገባች፤ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቷና አሠልጣኟ በጀልባ አጠገቧ ናቸው። ውሃው በረዶ ነው፣ ጭጋጉ ደግሞ ጀልባዎቹን እንኳ ይጋርዳል። ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ዋኘች። እናቷ ‹ቀርበሻል› አለቻት። እርሷ ግን ፊቷ ላይ ከጭጋግ በቀር ምንም አይታያትም። አውጡኝ አለች። ወጣች። ከዚያ የብስ ምን ያህል እንደቀራት ስታውቅ፣ አንድ ማይል እንኳ አልሞላም። ብርዱ እንዳላሸነፋት፣ ምድሩን ብታየው ኖሮ እንደምትደርስ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ገባች፣ አሥራ አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ተሻገረች።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰባኪዎች ይናገሩታል፤ ብዙዎቻችሁም ሰምታችሁት ይሆናል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ እናቷ ነው። እናቷ እውነት ነበር የተናገረችው። በጭጋግ ጊዜ ዓይን አይረዳም፣ ጆሮ ነው የሚረዳው። አጠገብህ ሆኖ ቀርበሃል የሚልህ ሰው ያስፈልግሃል። ከኅብረት አትራቁ የምንለው ጉባኤው እንዲሞላ አይደለም።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ላይ ያደረገችውን ታስታውሳላችሁ? እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ታማ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞር ብላ ነይ እያለች ታበረታታት ነበር። ተፎካካሪዋን እኮ ነው! ቀኑ ሲያልቅ ያሸነፈችው ደራርቱ ናት። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብትሆን!

ወደ ባሕሩ ልሄድ ነው

በቅርቡ አንድ ወጣት መልእክት ላከልን። ስሙንም ቀበሌውንም አልናገርም። ጌታን ካመነ በኋላ ሦስት ጊዜ ከኅብረት ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። መልእክቱ አጭር ነው፤ የጀመረውን መጨረስ የማይችል ሰው መሆኑን ራሱ እንዳወቀ፣ አሁን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ባሕሩ ሊሄድ እንደሆነ፣ ቢያንስ ለእናቱ ገንዘብ መላክ እንደሚፈልግ ይናገራል። ጸልዩልኝ ይላል።

ወንድምዓለም፣ እንጸልይልሃለን። ግን ስማኝ።

‹ባሕሩ› ሲባል የትኛው ባሕር እንደሆነ የወሎ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ያ የባሕር መተላለፊያ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በአረብኛ የልቅሶ በር፣ የእንባ በር ማለት ነው። ስሙን እኛ አላወጣነውም። በጠባቡ በኩል ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቻድዊክ ከዋኘችው ብዙም አይለይም። እርሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የተለማመደች ነበረች፤ እናቷ በጀልባ አጠገቧ ነበረች፤ ሻርክ ቢመጣ የሚያባርሩ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ አውጡኝ ስትል አወጧት። የሐብሩ ልጅ ዋና የሚያውቀው በክረምት ወንዝ ዳር ነው፣ እሱም ካወቀ። ጀልባው የደላላው ነው። አውጡኝ ቢል የሚሰማው የለም። በእኛ አቆጣጠር በ2009 ነሐሴ ላይ አሻጋሪዎች የኢትዮጵያና የሶማሊያ ልጆችን የመን ዳርቻ ሲደርሱ ወደ ባሕር እየገፉ ጣሏቸው፤ ብዙዎቹ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ። በ2017 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ አብያን በሚባለው የየመን ጠረፍ ጀልባ ተገልብጦ ከ60 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። በየመንደራችን ስልክ እየጠበቀች የምታድር እናት አለች። የአንዷ ልጅ ይደውላል፣ የሌላዋ አይደውልም።

አሁን የሐዋርያት ሥራ 27ን ክፈቱ። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። የክረምቱ ጊዜ ደርሷል። ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃውስ? ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። ልብ በሉ፣ የመርከቡ ባለቤት ከጉዞው ትርፍ የሚያገኝ ሰው ነው! ከዚያ ልዝብ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፣ ሁሉም ‹ተሳካልን› አሉ። ደላላውም መጀመሪያ ላይ ልዝብ ነው። ‹ወንድሜ፣ እዚያ ስትደርስ ትከፍላለህ› ይላል። አውሎ ነፋሱ የሚመጣው ከወደቡ ከወጣህ በኋላ ነው።

ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩም፣ ሰዎቹ ተስፋ ቆረጡ። ጳውሎስ ‹ብያችሁ ነበር› ብሎ ትቷቸው አልሄደም። እግዚአብሔር የማንም ነፍስ እንደማይጠፋ ነገረው፣ እርሱም ነገራቸው። አሥራ አራት ቀን ምግብ በቅጡ ያልቀመሱትን ሰዎች ብሉ አላቸው፣ እንጀራ አንሥቶ አመሰገነና እርሱ ቀድሞ በላ። ረጅም ርቀት የሚሮጡና የሚዋኙ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ፦ ሲርብህ አትብላ፣ ሳይርብህ ብላ። ጉልበትህ ካለቀ በኋላ ብትበላ ዘግይተሃል። ለኤልያስም መልአኩ በ1ኛ ነገሥት 19 መጀመሪያ የሰጠው ምክር አልነበረም፤ ዳቦና ውሃ ነበር። መንገዱ ረጅም ስለሆነ። አንዳንድ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ፊት ስብከት ከማቅረባችን በፊት ምሳ ብናቀርብ፣ ሥራ ብንፈልግለት፣ አንድ ላይ ሆነን ዶሮ ወይም በግ ብንገዛለት። ይህን ለአጥቢያ ሽማግሌዎች ነው የምለው። ልጆቻችንን ‹አትሂዱ› ማለት ብቻ ርካሽ ነው።

መርከቡ ተሰበረ። በውስጡ 276 ሰዎች ነበሩ። ዋና የሚያውቁ ቀድመው ዘለሉ። የማያውቁትስ? በሳንቃ፣ በመርከቡ ስባሪ ላይ ሆነው ወጡ። አንድ ሰው አልጠፋም። ሃሌሉያ! ዋና የማያውቀውም ደርሷል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፣ ይህን ክፍል በተሳሳተ መንገድ የሚወስድ እንዳይኖር። ይህ ተስፋ ለዚያ ቀን ለዚያ መርከብ የተሰጠ ነው። ‹ጌታ ያሻግረኛል› ብለህ ይህን ቃል ይዘህ የደላላ ጀልባ ላይ አትውጣ። ጳውሎስ ራሱ መጀመሪያ ላይ ‹አትነሡ› ነው ያለው። ይልቅ ልብህ ውስጥ ያለው መርከብ የተሰበረብህ፣ ‹እኔ የእምነት ዋና አላውቅም፣ እንደነ እገሌ አይደለሁም› የምትለው አንተ፣ የያዝከው ስባሪ ሳንቃ ብቻ ቢሆንም፣ አንድ ጥቅስ፣ አንድ አጭር ጸሎት፣ አንድ የሚያስብልህ ሰው፣ ያንኑ አትልቀቅ።

ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ብቻውን አይደለም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ። በዮሐንስ 21 ወደ ዓሣ ማጥመዱ ተመልሶ እናገኘዋለን። በማለዳ ኢየሱስ ዳር ላይ ቆሟል። ዮሐንስ ጌታ ነው ሲል ጴጥሮስ ምን አደረገ? ዋናተኛ ወደ ውሃ ሲገባ ልብሱን ያወልቃል፤ ጴጥሮስ ግን ልብሱን ታጥቆ ዘለለ! ጀልባዋን አልጠበቀም። ሁለት መቶ ክንድ ያህል ነበር፣ መቶ ሜትር ቢጎድል እንጂ አይሞላም። ዳር ሲደርስ ወቀሳ አልጠበቀውም። ፍም፣ ዓሣና እንጀራ ነበር። ቁርስ ተዘጋጅቶ ነበር። ጥያቄው ከቁርስ በኋላ መጣ፣ እርሱም ስለ ፍቅር ነበር።

ስለ አንድ አባት ልንገራችሁና ላብቃ። ዲክ ሆይት የተባለ አሜሪካዊ ሪክ የሚባል ልጅ ነበረው። ልጁ ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት እጅና እግሩን ማዘዝ፣ መናገርም አይችልም ነበር፤ ሐሳቡን የሚገልጸው በኮምፒዩተር ነበር። አንድ ቀን አባቱን በሩጫ መሳተፍ እንደሚፈልግ ነገረው። አባት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋው ሮጠ። ከዚያ ትራያትሎን መጣ። አባትየው ዋና አያውቅም ነበር! ለልጁ ሲል ተማረ። ልጁን ትንሽ ጀልባ ላይ አስተኝቶ፣ ገመዱን በራሱ አካል ላይ አስሮ እየዋኘ ጎተተው፤ በብስክሌቱ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነዳው፤ በወንበር እየገፋ ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 የሃዋይን አይረንማን አብረው ጨረሱ። መስመሩን ሲያልፉ ሪክም ጨርሷል ነው የሚባለው።

በሃዋይ ውድድሩ የሚዘጋው ሌሊት ነው። በስምንት ሰዓት ገደማ የጨረሰ አሸናፊ አርፎ፣ በልቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ብዙ ጊዜ ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ ጨለማ ውስጥ እያነከሱ የሚመጡትን የመጨረሻ ሰዎች ሊቀበል። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ሰማይ ተከፍቶ ኢየሱስን በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ ነው ያየው። ተቀምጦ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 7ን ተመልከቱ።

አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሌሊት በአፋር በረሃ የሚሄዱትን አስብ። ኦቦክ ዳር የተቀመጡትን መልስ። መርሳ ላይ ስልኳን በእጇ ይዛ ያደረችውን እናት አንተ ደውልላት። ወደ አንተ መምጣት የፈለገ፣ ግን እንዴት እንደሚጀምር ያላወቀ ሁሉ ‹ኢየሱስ ሆይ፣ መዋኘት አልችልም፣ ያዘኝ› ብሎ ሲጠራህ ስማው። በስምህ፣ አሜን።